ለእርግዝና ስኳር ኢንሱሊን ጀምሪ ተባልሁ፤ ጽንሱን ይጎዳው ይሆን?

ይህ የውይይት ክር ከተከፈተ አምስት ወር ሊሞላው ነው። ጥያቄውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። አዲስ የሚመጡ እናቶች ገጹ ስለረዘመባቸው የሚፈልጉትን ለማግኘት እንደሚቸገሩ በውስጥ መስመር ስለጻፉልኝ፣ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው ተከትዬ በራሴ አነጋገር ለመተረክ ወሰንሁ።

በመክፈቻው ያሰፈርሁት ይህን ነበር። የ30 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። በ26ኛው ሳምንት ሌሊቱን ሳልበላ አድሬ፣ ጠዋት 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ ተበጥብጦልኝ ከጠጣሁ በኋላ ደሜ ተመረመረ፤ በባዶ ሆድ 101፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 196፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 158 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሆኖ ተገኘ። በዚህ ምርመራ ወሰኖቹ 92፣ 180 እና 153 ሲሆኑ፣ አንዱ ላይ መድረስ ብቻ የእርግዝና ስኳር ለመባል ይበቃል፤ የእኔ ግን ሦስቱንም አልፏል። አመጋገቤን አስተካክዬ፣ ከምግብ በኋላም እየተራመድሁ ብለካ የቀትርና የማታው ተሻሻለ፤ የጠዋቱ ግን ከ98 አልወርድ አለ። ሐኪሜም ማታ ማታ 8 ዩኒት ኢንሱሊን እንድወጋ አዘዘችልኝ። በግልጽ የጠየቅሁት መርፌው ጽንሱን ይጎዳው እንደሆነ ብቻ ነበር። ነገር ግን አማቴ ኢንሱሊን አንዴ ከጀመሩት አይለቅም ብለው መሥጋታቸውንም፣ ይህን በሽታ በአበላሌ በራሴ ላይ ያመጣሁት እንደሚመስለኝም ጨምሬ ጽፌ ነበር።

በቁጥር 1 የጻፈችው እናት በሰላም እንድገላገል ከመረቀች በኋላ፣ እርሷም በሁለተኛ እርግዝናዋ ኢንሱሊን ትወጋ እንደነበረና ልጇ ዛሬ አራት ዓመት እንደሞላው ነገረችኝ። መልሷ ከሦስት መስመር አይበልጥም፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ የወሰደኝ ግን እርሱን አንብቤ ነው።

ቁጥር 2 ለረጅም ዓመታት ያገለገለች አዋላጅ ነርስ ናት፤ ከዚህ በኋላ ደጋግማ ስለምትመለስ አዋላጇ እያልሁ እጠራታለሁ። እንዳስረዳችው፣ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ በቀላሉ የሚሻገረው ስኳር ነው፤ ኢንሱሊን ግን ቅንጣቱ ትልቅ ስለሆነ ከእናቲቱ ዘንድ ይቀራል። በእናት ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ትርፉ ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ የጽንሱም ቆሽት ያንን ለመቋቋም የራሱን ኢንሱሊን አብዝቶ ያመነጫል። ጽንሱን ያለ ልክ የሚያወፍረውና በምጥ ጊዜ ትከሻው እንዲያዝ የሚያደርገው ይኸው የራሱ ኢንሱሊን ነው። እትብቱ ተቆርጦ ከእናቱ ይመጣለት የነበረው ስኳር በድንገት ሲቋረጥም፣ ኢንሱሊኑ በደሙ ውስጥ ገና ስላለ የሕፃኑ ስኳር ይወርዳል። ልጄን የሚያሠጋት ከፍ ብሎ የሚያድር ስኳር እንደሆነ፣ መርፌውም የሚታዘዘው እርሷን ከዚህ ለመጠበቅ እንደሆነ የገባኝ በዚህ መልስ ነው።

ቁጥር 3 አንድ አባወራ ነው። ሚስቱ በተመሳሳይ ሁኔታ ሜትፎርሚን የተባለውን ኪኒን ወስዳ በሰላም መውለዷን ገልጾ፣ የሚዋጥ መድኃኒት እያለ ነፍሰ ጡርን በመርፌ ማሠቃየት ለምን እንዳስፈለገ በቅሬታ ጠየቀ። ቁጥር 4 ላይ አንድ ፋርማሲስት በትዕግሥት መለሰለት። ሜትፎርሚን በብዙ አገሮች ለነፍሰ ጡሮች እንደሚታዘዝ አልካደም፤ ሆኖም ከኢንሱሊን በተለየ ወደ ጽንሱ እንደሚሻገር፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ጥናትም ሜትፎርሚን ከጀመሩት እናቶች 46 በመቶ ያህሉ ኢንሱሊን ሊጨመርላቸው ግድ እንደሆነ አስረዳ። ኪኒን የጀመረች ሁሉ ከመርፌ ትድናለች ማለት እንዳልሆነ አባወራውም ተቀበለ።

ከዚህ ቀጥሎ ክሩን ለአደጋ ያጋለጠ ነገር ተፈጠረ። ከለንደን የጻፈች እህት በቁጥር 5 ላይ ጠዋት በባዶ ሆዷ 5.8 እንዳገኘች ገልጻ ምክር ጠየቀች። ቁጥር 6 ቁጥሩን ሲያይ ስኳሯ እጅግ የወረደ መስሎት ደንግጦ፣ ሳትዘገይ ስኳር በውሃ በጥብጣ እንድትጠጣ አሳሰባት። ቁጥር 7 ላይ ፋርማሲስቱ በቁጣ ተመለሰ። በእንግሊዝ አገር የሚለካው በሚሊሞል እንደሆነ፣ በ18 ሲባዛ 5.8 ማለት በሚሊ ግራም 104 ገደማ እንደሚሆን፣ ይህም ከሚፈለገው በላይ እንጂ በታች እንዳልሆነ ጻፈ፤ መለኪያው ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ለነፍሰ ጡር ምክር መስጠትንም አጥብቆ ነቀፈ። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፤ ስሕተቱ ግን ዝም ሊባል የሚገባው አልነበረም። በእኛ አገር በሰፊው የሚሠራበት በሚሊ ግራም የሚቆጥረው ነው፤ በእርሱ ስንሄድ ነፍሰ ጡር እንድትደርስበት የሚፈለገው በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ መብላት ከጀመረች ከአንድ ሰዓት በኋላ ከ140 በታች፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከሆነ ደግሞ ከ120 በታች ነው።

ቁጥር 8 እኔ ራሴን ስለ መውቀሴ የጻፈ ሐኪም ነው፤ ስለዚህ መልስ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ሌሊት ተኝተን ሳለ ስኳር ወደ ደም የሚለቀው ጉበት ነው። እርግዝናው ሲገፋ እንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የእናቲቱ ሰውነት ኢንሱሊንን እንዳይታዘዝ ያደርጋሉ፤ ቆሽቷ ይህን ለማካካስ ካልቻለ የጠዋቱ ስኳር ከፍ ብሎ ይገኛል፤ እራቷን ብትቀንስም ላይወርድ ይችላል። ቀድሞ የነበረ ክብደትና በቤተሰብ ያለ ስኳር ድርሻ እንዳላቸው አልሸሸገም፤ ያም ሆኖ ቀጭንና ቁጥብ የሆነች ሴትም እንደምትያዝ፣ በጎንደር ከተማ በተደረገ ጥናት ከመቶ ነፍሰ ጡሮች 12.8 ያህሉ የእርግዝና ስኳር እንደተገኘባቸው ጠቅሶ፣ እነዚህን ሁሉ እናቶች ሆዳሞች ነበሩ ማለት ፍርደ ገምድልነት እንደሚሆን ጻፈ።

ቁጥር 9 ላይ ነገሩ ተቀየረ። አንዲት ተሳታፊ አብሽ አሳድራ ጠዋት ጠዋት ውሃውን በመጠጣት ስኳሯን እንዳጠፋች ተናግራ፣ መርፌውን ትቼ እንደ እርሷ እንዳደርግ መከረችኝ። አዋላጇ በቁጥር 10 ላይ ክፉኛ ተቆጣች፤ እንዲህ ያለ ምክር ሰምተው መርፌ አቁመው ወደ ማዋለጃ ክፍል የመጡ እናቶችን በዓይኗ እንዳየች፣ መካሪዎቹ ግን በዚያ ሰዓት አብረው እንዳልተገኙ ጻፈች። ቁጥር 11 ሌላ ሴት ናት፤ በቅንነት የመጣን ምክር እንዲህ ማዋረድ እናቶችን ዝም እንደሚያሰኝ፣ ዝም ያለች እናት ደግሞ አብሹን ተደብቃ እንደምትጠጣ ተናገረች። በቁጥር 12 አዋላጇ ስለ አነጋገሯ ይቅርታ ጠየቀች፤ ስለ ነገሩ ግን አልተመለሰችም። አብሽ በወጥ ውስጥ መግባቱ እንደማይከለከል፣ ነገር ግን ስኳርን በምን ያህል እንደሚያወርድ በዩኒት የሚለካ ስላልሆነ ኢንሱሊንን ሊተካ እንደማይችል፣ ከኢንሱሊን ጋር አብዝቶ መጠጣትም ስኳሩን ከልክ በታች ሊጥለው ስለሚችል የምትጠቀም እናት ለሐኪሟ መናገር እንዳለባት አስረዳች። በእኔ አስተያየት አዋላጇም የቁጥር 11 ሴትም ትክክል ናቸው።

ቁጥር 13 ከጅዳ የጻፈች እህት ናት። ኢንሱሊን ከዐሣማ ይሠራል ሲባል ስለ ሰማች ሕሊናዋ ታውኮ ነበር፤ ጥያቄው ለብዙ ክርስቲያን አንባቢዎቻችንም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ፋርማሲስቱ በቁጥር 14 ላይ ወሬው ከምን እንደመጣ አብራራ። ኢንሱሊንን ያገኙት ባንቲንግና ቤስት እ.ኤ.አ. በ1921 ቶሮንቶ ላይ ሥራቸውን ከጀመሩ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ኢንሱሊን በእርግጥ ከከብትና ከዐሣማ ቆሽት ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1982 ወዲህ ግን የሰው ኢንሱሊን በባክቴሪያ አማካይነት እየተመረተ ለገበያ ቀርቧል፤ በኋላም በእርሾ ማምረት ተችሏል። ዛሬ በየፋርማሲው የሚገኘው በአብዛኛው ይኸው ስለሆነ፣ በብልቃጡ ላይ የሰው ኢንሱሊን የሚል መጻፉን ማየት በቂ መሆኑን ነገራት። ቁጥር 15 እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ኢንሱሊን በመጀመሪያ ስለ ተወጋው የ14 ዓመት ልጅ ስለ ሊዮናርድ ቶምፕሰን ሰፊ ታሪክ አወጋ፤ ቁጥር 16 ደግሞ ይህ የታሪክ መድረክ አይደለም ብሎ ገሠጸው። እኔ ግን መቶ ዓመት አልፎት የተፈተነ መድኃኒት እንደምወስድ ማወቄ አጽናንቶኛል።

በቁጥር 17 ላይ የመጀመሪያውን ሌሊት የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር፤ መብራት ጠፍቶ ባለቤቴ የስልኩን መብራት ይዞልኛል። ብልቃጡ ውስጥ ነጩ ወደ ታች ዘቅጦ፣ በላዩ የጠራ ውሃ ቆሞ ነበር። በመዳፎቼ መካከል ቀስ እያደረግሁ ሳንከባልለው እንደ ወተት አንድ ዓይነት ሆነ። 8 ዩኒት አየር ወደ ብልቃጡ አስገብቼ፣ ብልቃጡን ገልብጬ 8 ዩኒት ሳብሁ፤ በስሪንጁ ጫፍ ላይ የቆመችውን አረፋ በጥፍሬ መታ መታ አድርጌ አስወጣኋት። ከእምብርቴ አራት ጣት ያህል ራቅ ብዬ፣ የሆዴን ቆዳ ቆንጥጬ ወጋሁና ሳላወጣው እስከ አሥር ቆጠርሁ። ካሰብሁት ይልቅ ሕመሙ ቀላል ነበር፤ መርፌው ስብ ውስጥ እንጂ ማሕፀን ዘንድ የሚደርስበት ርዝመት የለውም። ሳወጣው ልጄ ረገጠችኝ፤ ባለቤቴም እጁን ሆዴ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ቆየ።

ቁጥር 18 ብልቃጡን በኃይል መነቅነቅ እንደሚሻል ሲጽፍ፣ ቁጥር 19 አረፋ ስለሚፈጥርና መጠኑን ስለሚያዛባ ማንከባለል ብቻ እንደሚገባ አረመው። ይኸው ቁጥር 19 ሁለት ተጨማሪ ነገሮች አስታወሰ፤ ሁለቱም ሕይወት የሚያድኑ ስለሆኑ አላልፋቸውም። የጠራውንና ደፍራሹን ኢንሱሊን በአንድ ስሪንጅ የምትቀላቅል እናት ምንጊዜም የጠራውን ቀድማ መሳብ አለባት፤ ደፍራሹ ወደ ጠራው ብልቃጥ ከገባ የጠራው ቶሎ የመሥራት ባሕርዩ ይበላሻል። ሌላው የስሪንጁ ነገር ነው፦ ብልቃጡ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ከሆነ ስሪንጁም የባለ 100 መሆን አለበት። በባለ 40 ስሪንጅ 8 ዩኒት ብላ የምትስብ እናት በእርግጥ የምትወጋው 20 ዩኒት ነው።

ቁጥር 20 ማቀዝቀዣ የሌላት የገጠር መምህርት ናት። በትልቅ ገንቦ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስቀምጣ፣ በመካከላቸው አሸዋ ሞልታ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ እያጠጣች ብልቃጧን በደረቅ ላስቲክ ጠቅልላ ጥላ ሥር ታኖራለች። አዋላጇ ዘዴውን አመስግና፣ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ እንዲቀመጥ፣ የተከፈተው በቀዝቃዛ ቦታ አንድ ወር ያህል እንደሚቆይ፣ በረዶ የነካው ግን ቢቀልጥም እንደሚጣል ጨመረች። ከቁጥር 21 እስከ 24 ያሉት የመለኪያ ስትሪፕ መወደዱንና መጥፋቱን የሚያማርሩ ናቸው፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወደ ፖለቲካ ስለ ሄዱ አልፋቸዋለሁ። ከእነርሱ መካከል የሚጠቅመው፣ ስትሪፕ ያነሳት እናት በቀን አራት ጊዜ መለካት ካልቻለች የጠዋቱን ሳትተው ሌላውን አንድ ቀን ከቁርስ፣ አንድ ቀን ከምሳ፣ አንድ ቀን ከእራት በኋላ እያፈራረቀች እንድትለካ፣ ይህንንም ከሐኪሟ ጋር እንድትስማማበት የሚለው ነው።

ቁጥር 25 ዐቢይ ጾም ሊገባ መሆኑን ጠቅሳ፣ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ትችል እንደሆነ የጠየቀች እናት ናት። አንድ ዲያቆን በቁጥር 26 ላይ ነፍሰ ጡርና ሕመምተኛ ከአቅማቸው በላይ እንደማይገደዱ፣ የነፍስ አባቷን ብታማክር እንደሚፈቱላት በአክብሮት መለሰላት፤ የጅዳዋ እህት በበኩሏ በረመዳንም ለነፍሰ ጡርና ለታማሚ ፈቃዱ እንዳለ ጻፈች። አዋላጇ ደግሞ ሌሊት የተወጋው ኢንሱሊን ጠዋትም ሥራ ላይ ስለሚሆን፣ ከምግብ በፊት የሚወጋውም ምግቡን ስለሚጠብቅ፣ መርፌ ወስዶ መጾም ራስን እስከ መሳት እንደሚያደርስ አስጠነቀቀች። ይህ ሁኔታ በእኔ ደርሷል። ለጾም ብዬ አልነበረም፤ ቁርሴን ሳልበላ ወጥቼ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሳለሁ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ስለካው 58 ሆነ። ከ70 በታች ሲሆን ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ጠጥቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት እንደሚገባ አስቀድሜ አንብቤ ስለነበር፣ በቦርሳዬ የያዝሁት ስኳር አዳነኝ።

በቁጥር 27 ላይ አንድ ባል የጻፈው ለእኔም ቤት መፍትሔ ሆነ። ከአንድ ገበታ ሲበላ ሚስቱ ምን ያህል እንደበላች ስለማይታወቅ፣ የእርሷን ግማሽ እንጀራ ለብቻ በትሪ አድርጎ፣ ሽሮውንና ጎመኑን አብዝቶ ያቀርብላታል፤ አብሯት ለመሆንም እርሱ ራሱ ከዚያው ትሪ ጎን ተቀምጦ ይበላል። ጉርሻ ከእርሷ ድርሻ እንጂ ከሌላው ገበታ አይመጣም። ጤፍ ስኳር አይጨምርም የሚለው እምነት ስሕተት መሆኑን በእኔ መለኪያ አይቻለሁ፤ ሙሉ እንጀራ በልቼ 168 የነበረው፣ ግማሽ በልቼ ከ20 ደቂቃ እርምጃ በኋላ 131 ሆኗል።

ቁጥር 28 የእኔ የጭንቀት ጽሑፍ ነው። በ34ኛው ሳምንት 8 የነበረው 18 ደረሰ፣ ከምሳ በፊትም ሌላ ተጨመረ፤ አማቴም ይኸው አልለቅም አለ ብለው አለቀሱ። ሐኪሙ በቁጥር 29 ላይ እንግዴ ልጁ እያደገ ሲሄድ ፍላጎቱ መጨመሩ የሚጠበቅ መሆኑን አስረዳኝ። ሊያስደነግጠኝ የሚገባው፣ ወደ መውለጃዬ ስቃረብ ያለ ምክንያት ስኳሬ በተደጋጋሚ እየወረደ መጠኑን መቀነስ ግድ ቢሆን፣ ወይም የልጄ እንቅስቃሴ ቢቀንስ እንደሆነ፣ ያን ጊዜ ቀጠሮዬን ሳልጠብቅ ወደ ሆስፒታል መሄድ እንዳለብኝ ነገረኝ።

ቁጥር 30 ላይ አንዲት እናት በምትከታተልበት ጤና ተቋም ሽንቷ ብቻ እየታየ ስኳር የለብሽም ስትባል ቆይታ፣ በ36ኛው ሳምንት በአልትራሳውንድ ጽንሱ ከመጠን በላይ ገዝፎ እንደተገኘ በምሬት ጻፈች። ምሬቷን እጋራለሁ፤ እኔም ክትትል በጀመርሁበት ቦታ ከሽንት በቀር የታዘዘልኝ አልነበረም፤ ግሉኮስ ጠጥቼ የተመረመርሁት ራሴ ጠይቄ ነው። የሽንት ምርመራ ይህን በሽታ ለመለየት አይበቃም፤ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነፍሰ ጡር የሆነች ሁሉ የደም ምርመራውን በስሙ ጠርታ እንድትጠይቅ እለምናለሁ።

በቁጥር 31 መውለዴን አበሠርሁ። በ39ኛው ሳምንት ምጥ ተጀመረልኝ፤ ልጄ 3,300 ግራም ሆና ተወለደች። በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ያዘች፤ ተረከዟ እየተወጋ ስኳሯ በተደጋጋሚ ተለካ፣ አልወረደም። እንግዴ ልጁ በወጣበት ቀን የእኔ ኢንሱሊን ቆመ። አማቴ ይህን ከሐኪሟ አፍ ሲሰሙ ብልቃጡን ራሳቸው ከቦርሳዬ አውጥተው ለነርሷ አስረከቡ። ቁጥር 32 እና ቁጥር 33 አራስ ያለ ገንፎ ትጠገናለች ወይ በሚለው ተከራከሩ፤ አዋላጇም ገንፎው እንዳልተከለከለ፣ ማሩን ግን መቀነስ እንደሚገባ ተናግራ አስታረቀቻቸው።

በስምንተኛው ሳምንት 75 ግራሙን ደግሜ ጠጣሁ፤ በባዶ ሆድ 88፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 126። ይህን በቁጥር 34 ስጽፍ እልልታ የሞላው መልስ ጎረፈ። አዋላጇ ግን በቁጥር 41 ላይ፣ የእርግዝና ስኳር የነበረባት ሴት በኋለኛው ዘመኗ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሏ ከሌላው ሰፊ ስለሆነ ምርመራው በየዓመቱ፣ ቢዘገይ በየሦስት ዓመቱ እንዲደገም፣ ሌላ እርግዝና ሲመጣም ገና ከጅምሩ እንድናገር አሳስባ፣ ቀኑን የት እንደጻፍሁት ጠየቀችኝ። አልጻፍሁትም ነበር። የልጄን የክትባት ካርድ አውጥቼ በጀርባው ላይ የሚመጣውን ዓመት ወር ጻፍሁና ፎቶውን በቁጥር 42 ላይ ለጠፍሁላት።